የ2021ዱ ለምን ኮመጠጠ? የ2022ቱስ ለምን ከበደ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን በፈረንሳይዋ ቦርዶ አንድ ቤተሰብ ከራሱ እርሻ የሚያወጣውን ቀይ ወይን ጠጅ ይወዳሉ። ካበርኔ ሶቪኞን የሚባለው የወይን ዝርያ የሚበዛበት፣ ሜርሎ የሚባለው የተቀላቀለበት ነው። የ2021 እና የ2022 ምርቱን ጎን ለጎን ከፍተው ቀመሱ። ማሳው ያው ነው። ጠማቂዎቹም እነዚያው አባትና ልጅ ናቸው። ጣዕሙ ግን ለየቅል ሆነባቸው። የ2021ዱ ቀጠን ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል፣ ቃሪያ ቃሪያ የሚሸት። የ2022ቱ ደግሞ የጠቆረ፣ የወፈረ፣ በጣም የበሰለ ፍሬ የሚሸት፣ ሲዋጥ ጉሮሮ የሚያሞቅ። መለያው ላይ የአልኮል መጠኑ በአንዱ 12.5፣ በሌላው 14.5 በመቶ ይላል። «የአየር ጠባይ ብቻውን ይህን ያህል ይለውጣል? ወይስ ሰዎቹ በ2021 ሥራቸውን አበላሽተዋል? የቀሩኝን ጠርሙሶችስ ምን ላድርጋቸው?» ብለዋል።

ባጭሩ ልመልስና ከዚያ ሰፋ አድርጌ እገባበታለሁ። አዎ፣ የአየር ጠባይ ይህን ያህል ይለውጣል። ሰዎቹን አይጠርጥሯቸው። እንዲያውም የ2021 ጠርሙስዎ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

ብዙ ሰው «ያ ዓመት ሞቃት ነበር፣ ያኛው ቀዝቃዛ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። የዓመቱ አማካይ ሙቀት የሚነግረን ጥቂት ነው። ወይኑን የሚወስኑት የተወሰኑ ሳምንታት ናቸው። አንዳንዴ አንድ ሌሊት ብቻውን ይወስናል። ያው ዝናብ በአንድ ወር በረከት፣ በሌላ ወር መዓት ነው። ስለዚህ ዓመቱን ተከትለን እንሂድ፤ ሁለቱ ጠርሙሶችዎ የት ላይ እንደተለያዩ እናገኘዋለን። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። «ክረምት» ስልም ቅጠል የሚረግፍበትን የብርድ ወራት፣ «በጋ» ስልም ከጁን እስከ ኦገስት ያለውን የሙቀት ወራት ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ግን «የቤተሰብ እርሻ» ያሉት ነገር ራሱ የመልሱ አካል መሆኑን ልንገርዎ። ትልልቅ አምራቾች ከብዙ አካባቢ ወይን ይሰበስባሉ። አንዱ ሸለቆ ውርጭ ቢመታው ሌላው ያካክሳል። የሻምፓኝ ቤቶች ደግሞ ዓመት የማይጻፍበትን ምርታቸውን ሲሠሩ ካለፉት ዓመታት ያስቀመጡትን ይቀላቅሉበታል። ዓላማቸው ጣዕሙ ከዓመት ዓመት እንዳይለወጥ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ መለያው ላይ ዓመት ከተጻፈ ቢያንስ 85 በመቶው የዚያ ዓመት ፍሬ መሆን አለበት። ትንሿ እርሻ ያላት አንድ ኮረብታ ነው፤ ምናልባትም አስር ሄክታር የማይሞላ። ሰማዩ የሰጠውን ትጠምቃለች። መደበቂያ የላትም። እኔ እነዚህን እርሻዎች የምወዳቸውም በዚሁ ነው። ዓመቱ ምን እንደነበር ሳይሸሽጉ ይነግሩኛል።

አሁን ወደ ተክሉ። ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። በ2021 ወይኑ ስንት ዘለላ እንደሚያወጣ መወሰን የጀመረው በ2020 ነው። አበባው በሚፈካበት ሰሞን፣ በዚያው ቀንበጥ ላይ ባለው እምቡጥ ውስጥ የሚቀጥለው ዓመት ዘለላ በጥቃቅኑ መፈጠር ይጀምራል። ያን ጊዜ ፀሐይና ሙቀት ከነበረ እምቡጡ ብዙ ዘለላ ይይዛል። ዳመናና ብርድ ከነበረ ጥቂት። ስለዚህ ገበሬው በየዓመቱ የሚለቅመው የሁለት ዓመት ሰማይ ነው። በብርዱ ወራት አንዷን እምቡጥ በምላጭ ቀጭን አድርገው ቢቆርጧት መሐሏ አረንጓዴ ነጥብ ያያሉ። አረንጓዴ ከሆነች ሕያው ናት። ጠቁራ ካገኟት ሞታለች።

ክረምቱን ብዙ አልቆይበትም። ተክሉ ተኝቷል፤ ብርዱንም ይፈልገዋል፤ የጸደይ አወጣጡ እኩል እንዲሆን ይረዳዋል። ዝናቡ ደግሞ መሬቱን ውሃ ያጠግባል። ያ ውሃ በሐሩሩ ወራት የሚመነዘር ቁጠባ ነው። አደጋው ብርዱ ሲበዛ ነው። የተለመደው የወይን ዝርያ ከዜሮ በታች ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሲደርስ እምቡጡ መሞት ይጀምራል። ከዚያም ሲያልፍ ግንዱ ይሰነጠቃል። በፌብሩዋሪ 1956 የወረደው ቅዝቃዜ በቦርዶ ብዙ የወይን ማሳ ፈጅቷል፤ እንደገና መተከል ነበረበት። እንዲህ ያለው ግን ብዙ ጊዜ አይመጣም።

ዋናው ፈተና በጸደይ ይጀምራል።

የቀን ሙቀቱ በአማካይ 10 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ወይኑ ይነቃል። የተገረዘው ቅርንጫፍ ጫፉ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ያለቅሳል፤ ሥሩ ውሃ መግፋት ጀምሯል ማለት ነው። ከዚያ እምቡጡ ይፈነዳል፤ ለስላሳ፣ ሮዝ ቢጤ ጠርዝ ያላት ቅጠል ብቅ ትላለች። እዚህ ላይ ነው ተክሉ ከመቼውም በላይ ራቁቱን የሚቆመው። በክረምት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የቻለው ይኸው ተክል አሁን ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ይገድለዋል። ቀንበጡ በአብዛኛው ውሃ ነውና።

በ2021 የሆነው ይኸው ነው። ማርች መጨረሻ ላይ ፈረንሳይ ለወቅቱ ያልተለመደ ሙቀት ነበራት። ወይኑ ተታልሎ ቀድሞ ነቃ። ከዚያ በኤፕሪል የመጀመሪያው ሳምንት ማብቂያ፣ በተለይ ከ6 እስከ 8 ባሉት ሌሊቶች፣ ከሰሜን የመጣ ቅዝቃዜ ወረደበት። የወቅቱ የግብርና ሚኒስትር በ21ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከደረሱት የግብርና አደጋዎች ምናልባት ትልቁ ነው እስከማለት ደርሰዋል። ልብ ይበሉ፣ ጥፋተኛው ቅዝቃዜው ብቻውን አይደለም። ያው ቅዝቃዜ እምቡጡ ገና ተዘግቶ ቢያገኘው ኖሮ ጉዳቱ በጣም ባነሰ ነበር። የገደለው ቀድሞ የመጣው ሙቀት ነው።

እንዲህ ያለች ሌሊት አንዴ ያየ ሰው አይረሳትም። ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ነፋስ የለም። መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል። ረባዳው ቦታ ላይ ይተኛል። ስለዚህ የኮረብታው አናት ተርፎ፣ ሃምሳ እርምጃ ዝቅ ብሎ ያለው ረድፍ ሊያልቅ ይችላል። ቤተሰቡ ቴርሞሜትር ይዞ ከሌሊቱ በየሰዓቱ ይዞራል። ፓራፊን የሞሉ ቆርቆሮዎች በየረድፉ ይለኮሳሉ፤ በአንድ ሄክታር በመቶዎች የሚቆጠሩ። ከሩቅ ሲታይ ኮረብታው ሁሉ ሻማ የተተከለበት ይመስላል። አቅም ያላቸው ትልቅ ማራገቢያ ያስነሳሉ፤ ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ወደ ታች ይመልሳል። ሌሎች ደግሞ ነገሩን ላላየ ሰው እብደት የሚመስል ሥራ ይሠራሉ፦ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት ወይኑ ላይ ውሃ ይረጫሉ። ሚስጥሩ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ 80 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይለቅቃል። ርጭቱ እስካልተቋረጠ ድረስ በበረዶው ውስጥ የተሸፈነችው ቀንበጥ ከዜሮ ብዙም አትወርድም። ውሃው መሐል ላይ ቢቋረጥ ግን ከነጭራሹ ካለመርጨት ይብሳል።

ጠዋት ላይ ወዲያው አይታወቅም። ቀንበጡ አረንጓዴ ነው፤ የብርጭቆ መልክ ብቻ ይዟል። ፀሐይ ስትወጣበት ይጠወልጋል። ከሰዓት በኋላ እሳት የገረፈው ይመስል ቡናማ ሆኖ ይንጠለጠላል። በጣት ሲነኩት ይደቅቃል። ከእንዲህ ያለ ማሳ አጠገብ ከገበሬው ጋር ቆሜ አውቃለሁ። ያን ቀን ማንም ብዙ አያወራም።

ተክሉ ግን ተስፋ አይቆርጥም። ከዋናው እምቡጥ ጎን ተጠባባቂ እምቡጥ አለው፤ እሱ ይወጣል። ችግሩ ዘለላው ያነሰ ነው፤ ሳምንታትም ዘግይቶ ይጀምራል። ስለዚህ በአንድ ማሳ ላይ ቀደም ብሎ የተረፈና ዘግይቶ የመጣ ፍሬ ጎን ለጎን ይንጠለጠላል። ሲለቀም አንዱ የበሰለ፣ አንዱ ጥሬ ነው። ደግሞ ሜርሎ ከካበርኔ ቀድሞ ስለሚነቃ ውርጩ ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው። ሜርሎው የተጎዳበት ቤተሰብ በጠርሙሱ ውስጥ የካበርኔ ድርሻ ከፍ ከማድረግ ሌላ ምርጫ የለውም። የእርስዎ የ2021 ጠርሙስ ቃሪያ የሸተተበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ወደ ሽታው በኋላ እመለሳለሁ።

ቀጥሎ አበባ ነው። የወይን አበባ ለዓይን አይሞላም። ጥቃቅን፣ አረንጓዴ፣ ቆብ የደፋች ነገር ናት። ቆቧ ሲወድቅ ራሷን በራሷ ታዳቅላለች፤ ንብ አትጠብቅም። የምትፈልገው ደረቅና ሞቅ ያለ ሰሞን ነው፤ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን ደስ ይላታል። ዝናብና ብርድ ከመጣ ቆቡ ተጣብቆ ይቀራል፣ አበባው ይረግፋል። ፈረንሳዮች ይህን ኩሊዩር ይሉታል። ወይም ዘለላው ላይ ትልልቅና ጥቃቅን ፍሬ ተደባልቆ ይወጣል፤ እሱ ሚየራንዳዥ ነው። ከአበባ እስከ ለቀማ 100 ቀን ያህል እንደሆነ ገበሬው ያውቃል። አበባውን ባየ ቀን መቁጠር ይጀምራል።

ከዚያ በጋው ይመጣል፤ ሁለቱ ዓመቶችዎም እዚህ ላይ ጨርሰው ተለያዩ።

የ2021 በጋ እርጥብ ነበር። በተለይ ጁን ላይ ዝናቡ አልበቃ አለ። እርጥበትና ሙቀት ሲገናኙ ዳውኒ ሚልዲው የሚባለው በሽታ ይነሳል። ቅጠሉ ላይ ዘይት የነካው የመሰለ ቢጫ ነጠብጣብ ይታያል፤ ቅጠሉን ሲገለብጡት ከሥሩ ነጭ ሻጋታ አለ። ፍሬውን ሲይዘው ቡናማ አድርጎ ያጨማድደዋል። መድኃኒቱ የተገኘው በዚያው በቦርዶ ነው። በ1880ዎቹ ሚላርዴ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ በሜዶክ መንገድ ሲያልፍ አንድ ነገር አየ። ከመንገድ ዳር ያሉት ወይኖች ቅጠላቸው ደህና ነው፤ ወደ ውስጥ ያሉት ረግፈዋል። ሲጠይቅ፣ ገበሬዎቹ መንገደኛ ፍሬውን እንዳይሰርቅ የዳር ዳሩን የመዳብ ሰልፌትና ኖራ ረጭተውበታል። ከዚያ ተነስቶ የተሠራው «የቦርዶ ውህድ» ዛሬም ይሠራበታል። ዝናብ ግን ያጥበዋል። ስለዚህ በእርጥብ ዓመት ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ እንደገና መርጨት ነው። ትራክተሩ ጭቃ ውስጥ ይሰጥማል። ትንሽ ቤተሰብ ሁለት ሰው ይዞ አንድ እሑድ ቢያመልጠው የወሩ ድካም ሊጠፋበት ይችላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ያልኩት።

አሁን ወደ ፍሬው ውስጥ እንግባ፤ የጣዕሙ ነገር ያለው እዚያ ነው።

እስከ በጋው አጋማሽ ድረስ ፍሬው ጠንካራ፣ አረንጓዴ፣ አፍ የሚያጨማድድ ነው። አሲድ እንጂ ስኳር የለውም። ከዚያ በአንድ ሳምንት አካባቢ ለስለስ ይላል፤ ቀዩ ዓይነት ይቀላል። ፈረንሳዮች ቬሬዞን ይሉታል። በአንድ ዘለላ ላይ አረንጓዴ፣ ሮዝና ጥቁር ፍሬ ተደባልቆ ማየት በጣም ያምራል። ከዚህ ቀን ጀምሮ ቅጠሉ የሚሠራው ስኳር ወደ ፍሬው ይጎርፋል። አሲዱ ደግሞ ይቀንሳል።

እዚህ ጋ ሁለት አሲዶችን መለየት ይጠቅማል። ታርታሪክ የሚባለው ብዙም አይነቃነቅም። ማሊክ የሚባለውን ግን ፍሬው ራሱ እንደ ነዳጅ ያቃጥለዋል። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ብዙ ያቃጥላል። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ይቆጥበዋል። ስለዚህ ቀኑ ሞቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ የሚልበት ቦታ ሁሉ የሚመኘው ነው፤ ስኳሩም ይገባል፣ ኮምጣጣነቱም ይቀራል።

ስኳሩ ሲብላላ አልኮል ይሆናል። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ስኳር ገደማ አንድ በመቶ አልኮል ይሰጣል። አሁን መለያዎን ያውጡ። በ12.5 እና በ14.5 መካከል ያለው ልዩነት 2 በመቶ ነው። ይህ ማለት የ2022 ጭማቂ በሊትር 34 ግራም ያህል የበለጠ ስኳር ይዞ ነበር። የ2021 ኦገስት ቀዝቃዛ ስለነበር ቅጠሉ ያን ያህል አልሠራም፤ ማሊኩም አልተቃጠለም። ኮምጠጥ ያለብዎት እሱ ነው። እንዲያውም በ2021 ብዙ የቦርዶ ጠማቂዎች ጭማቂው ላይ ስኳር ጨምረዋል። ማጭበርበር አይደለም፤ በሕግ የተፈቀደበት ልክ አለው። ዘዴውን በ1801 ያስፋፋው ኬሚስት ዣን አንቷን ሻፕታል ስለነበር በስሙ ሻፕታሊዛሲዮን ይባላል። ስለዚህ የፍሬው የራሱ ስኳር ከ12.5 በታች ሊሰጥ የሚችል ሆኖ ይሆናል።

የቃሪያው ሽታስ? እሱ ሜቶክሲፒራዚን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። በቃሪያ ውስጥ ያለው ራሱ ነው። ካበርኔ ሶቪኞን በተፈጥሮው አለው። ፍሬው ሲበስልና ፀሐይ ሲያገኘው ይቀንሳል። በቀዝቃዛ ዓመት፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሎ ዘለላውን ከጋረደው፣ ሳይጠፋ ይለቀማል። መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ በሊትር በናኖግራም ይለካል። አፍንጫችን ግን ያገኘዋል። እኔ በልኩ ሲሆን እወደዋለሁ። ካበርኔ መሆኑን የሚመሰክር ነገር ነው።

ወደ 2022 ስንመጣ ታሪኩ ሁሉ ይገለበጣል። በፈረንሳይ ያ በጋ ከ1900 ወዲህ ከ2003 ቀጥሎ ሁለተኛው ሞቃት ነበር። ዝናብ ጠፋ። የሙቀት ማዕበል ተደጋገመ። በጁላይ የቦርዶ አጎራባች ጫካዎች ተቃጠሉ።

ድርቅ ለወይን ሁልጊዜ ጠላት አይደለም፤ ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው። ውሃው በመጠኑ ሲያንስ ተክሉ ቀንበጥ መስደዱን ያቆምና ጉልበቱን ወደ ፍሬ ያዞራል። ፍሬውም ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ትንሽ ፍሬ ማለት ጭማቂው ያነሰ፣ ልጣጩ የበዛ ማለት ነው። የቀይ ወይን ጠጅ ቀለምና አፍ የሚያደርቀው ንጥረ ነገር፣ ታኒን፣ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። የ2022 ጠርሙስዎ የጠቆረውና የወፈረው በዚህ ነው። በዚያ ላይ ሥሩ ጠልቆ የገባ አሮጌ ወይን ከሥር ያለውን እርጥበት ያገኛል። ለጋው ግን ይሰቃያል።

ሐሩሩ ልክ ሲያልፍ ግን ነገሩ ይዞራል። ከ35 ዲግሪ በላይ ቅጠሉ ውሃ እንዳያባክን ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ ስኳር መሥራቱንም ያቆማል። ያኔ ጠራራ ፀሐይ ላይ እያለ መብሰሉ ይቆማል። ቀለሙም መሠራቱን ይቀንሳል፤ የተሠራውም ይፈርሳል። በምዕራብ በኩል ያለው ዘለላ ይቃጠላል፤ ልጣጩ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። በቀዝቃዛ ዓመት ቅጠል መቀነስ ጥሩ ሥራ ነው፤ ፀሐይና ነፋስ ያስገባል። በሐሩር ዓመት ያው ሥራ ፍሬውን ያስጠብሳል። ገበሬው ደግሞ የሚወስነው በጁን ነው፤ የኦገስትን ሙቀት ሳያውቅ። ይህን ሳስብ ሁሌም ልቤ ይነካል። የዓመቱ ትልልቅ ውሳኔዎች ወሬው ሳይደርስ የሚወሰኑ ናቸው።

ጭስም አለ። በ2020 በካሊፎርኒያ የተነሳው ሰደድ እሳት ብዙ ፍሬ ሳይለቀም እንዲቀር አድርጓል። የጭሱ ንጥረ ነገር ልጣጩን አልፎ ገብቶ ከስኳር ጋር ይጣበቃል። ፍሬውን ሲቀምሱት ምንም የለውም። ሲብላላ ይፈታና ወይን ጠጁ አመድ አመድ ይላል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ ወደማከብረው ቀን ልምጣ፤ መቼ ይለቀም የሚለው ውሳኔ።

በለቀማ ሰሞን ሦስት ሰዓቶች በአንድነት ይሮጣሉ። የስኳሩ፣ የአሲዱ፣ የልጣጩና የዘሩ። በጥሩ ዓመት ሦስቱም ባንድ ላይ ይደርሳሉ። በሐሩር ዓመት ስኳሩ ቀድሞ ይሮጣል፤ ዘሩ ገና አረንጓዴ ነው። በቀዝቃዛ ዓመት ስኳሩ ይንቀረፈፋል፤ መበስበስ ደግሞ በር ላይ ቆሟል። መሣሪያ አለ፣ ስኳሩን ይለካል። ቢሆንም ጥሩ ጠማቂ ረድፉን እየዞረ ይቀምሳል። ፍሬዋን አፉ ውስጥ ይጨምቃል። ልጣጯን ያኝካል፤ ምላሱ ላይ ትሻክራለች ወይስ ትለሰልሳለች? ከዚያ ዘሯን መዳፉ ላይ ይተፋታል። አረንጓዴ ከሆነች ገና ናት። ቡናማ ሆና ጥርስ ሥር ኮሽ ካለች ደርሳለች።

እሱ ይህን ሲያደርግ ሰማዩ ዝም አይልም። ደረቅ መሬት ላይ በለቀማ ዋዜማ ከባድ ዝናብ ቢወርድ ፍሬው በሥሩም በልጣጩም ውሃ ይጠጣል። ጭማቂው ይቀጥናል። ፍሬው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ቦትራይተስ የሚባለው ግራጫ ሻጋታ ይገባል። ስለዚህ የትንበያ ካርታ ላይ ዳመና ሲታይ ጥያቄው «ዛሬ ትንሽ ጥሬውን ልልቀም ወይስ ላንድ ሳምንት ልድፈር?» ይሆናል። አብሬው የሠራሁ አንድ ገበሬ እንዲህ ባለ ቀን ዝናቡን ፈርቶ ለቀመ። ዝናቡ አልመጣም፤ ጎረቤቱ በፀሐይ ስምንት ቀን ተጨማሪ አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ደፍሮ ጠበቀ፤ ያኔ ዘነበበት። በሁለቱም ዓመት የወሰነው በያዘው መረጃ ልክ ነበር። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ያው ሻጋታ በሌላ ቦታ ሀብት እንደሆነ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በቦርዶ ውስጥ ባለው ሶተርን፣ ቀዝቃዛው የሲሮን ወንዝ ሞቅ ካለው ጋሮን ጋር ሲገናኝ ጠዋት ጠዋት ጉም ይነሳል። ከሰዓት ደግሞ ፀሐይ ታደርቀዋለች። ጉሙ ሻጋታውን ያበቅላል፣ ፀሐይዋ እንዳያበሰብስ ትገታዋለች። ፍሬው ውሃውን አጥቶ ይጨማደዳል፤ ስኳሩ ይጠራቀማል። ከዚያ ነው የዓለም ዝነኛው ጣፋጭ ወይን ጠጅ የሚወጣው። ቀኑን ሙሉ ጉም ቢውል ግን ያው ፍሬ ግራጫ ሆኖ ይበሰብሳል። ጀርመኖች ደግሞ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቀው፣ በረዶ የሆነውን ፍሬ ለቅመው የሚጨምቁት አይስቫይን አላቸው። የ2019 ፍሬ ያን ብርድ ሲጠብቅ ክረምቱ አለፈ። በዚያ ዓመት በአገሪቱ ካሉት 13 የወይን ክልሎች በአንዱም አልተሠራም።

ይህ ሁሉ ከዓመት ዓመት መለዋወጥ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ የሚሄድ ረጅም ለውጥም አለ። የቡርጎኝ ከተማ የሆነችው ቦን የወይን ለቀማ የተጀመረበትን ቀን ከ1354 ጀምሮ መዝግባ አቆይታለች። ተመራማሪዎች በ2019 ሙሉውን አጠናቅረው አወጡት። እስከ 1987 ድረስ ለቀማው በአማካይ ሴፕቴምበር 28 ገደማ ይጀመር ነበር። ከ1988 ወዲህ በአማካይ 13 ቀን ቀድሟል። ስለዚህ የ2022 ዓይነቱ ዓመት መደጋገሙ አይቀርም። ቀድሞ የሚነቃ ወይን ደግሞ ለኤፕሪል ውርጭ ይበልጥ ይጋለጣል። ሁለቱ ጠርሙሶችዎ ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ የአንድ ለውጥ ሁለት ፊት ናቸው ማለት ይቻላል።

የጓዳውን ሥራ ብዙ አላነሳም። ጠማቂው ከዓመቱ ጋር ይስማማል እንጂ አይለውጠውም። በቀዝቃዛ ዓመት ልጣጩን ቀስ ብሎ ያፈላዋል፤ አጥብቆ ቢጨምቀው ጥሬ ታኒን ይወጣበታል። በሞቃት ዓመትም እንዲሁ ይጠነቀቃል፤ ልጣጩ ሀብታም ስለሆነ ትንሹ ይበቃዋል። የ2021ዱን በአዲስ በርሜል ብዙ ቢያቆየው እንጨቱ ይውጠው ነበር። እርስዎ እንጨት አልሸተተኝም ካሉ፣ አባትና ልጁ በጥንቃቄ ሠርተዋል ማለት ነው።

ወደ ጠርሙሶቹ። የ2021ዱን አስቀድመው ይጠጡት። ብዙ ሰው «ኮምጣጣ ከሆነ ይቆያል» ይላል። አሲድ ብቻውን አያቆይም፤ የሚሸከመው ፍሬና ታኒን ያስፈልገዋል። ይህኛው ቀጭን ስለሆነ ሲቆይ ፍሬው ይደክምና አሲዱ ብቻውን ይቀራል። የቃሪያው ሽታም ጠርሙስ ውስጥ በመቆየት አይጠፋም። 15 ወይም 16 ዲግሪ ላይ፣ ከመጠጣትዎ ግማሽ ሰዓት በፊት ከፍተው፣ ከምግብ ጋር ይሞክሩት። ብቻውን ሲቀመስ የኮመጠጠው ስብ ካለው ምግብ ጋር ሌላ ነገር ይሆናል።

የ2022ቱን አሁን ከፈለጉ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ይክፈቱት፤ ከ18 ዲግሪ በላይ ግን አያሙቁት፤ ሲሞቅ አልኮሉ ፊት ፊት ይላል። ጉሮሮ ያሞቀዎት ምናልባት ይኸው ነው። የቀሩትን ጨለማና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ፣ 13 ዲግሪ አካባቢ፣ አጋድመው ያስተኟቸው። ቡሹ እንዳይደርቅ ነው። በ2028 አንዷን ከፍተው ይዩ። ታኒኗ አሁንም ምላስዎን ከያዘ ሌሎቹን አይንኳቸው።